ብሩስ፦ ከኖርማንዲ መንደር ተነሥቶ ዓለምን የዞረ የስኮትላንድ ስም

ብሩስ የሚለውን ስም ስትሰሙ መጀመሪያ ማን ነው ትዝ የሚላችሁ? በቪዲዮ ቤት አግዳሚ ወንበር ላይ ተጣበን ያደግን ሰዎች ያለ ጥርጥር ብሩስ ሊ እንላለን። ታሪክ የሚወዱ ደግሞ ከዛሬ ሁለት መቶ ሃምሳ ዓመት በፊት ጎንደር ድረስ የመጣውን ቁመተ ረጅም ስኮትላንዳዊ፣ ጄምስ ብሩስን ይጠራሉ። ሁለቱን የሚያገናኛቸው ስሙ ብቻ ነው። ብሩስ ሊ በ1940 ሳን ፍራንሲስኮ ሲወለድ ወላጆቹ ቻይንኛ ስም አውጥተውለት ነበር፤ ብሩስ የሚለው እዚያው ሆስፒታል ውስጥ እንደተጨመረለት ይነገራል። በዚያን ጊዜ ስሙ ከቤተሰብ መጠሪያነት አልፎ ማንም ወላጅ ለልጁ የሚያወጣው ሆኗል። ዛሬ የምንጨዋወተው ግን ከዚያ በፊት ስላለው ስምንት መቶ ዓመት ነው። ብሩስ የአንድ ቤተሰብ ስም ሆኖ ከየት ተነሣ? በማን እጅስ ወዴት ተሻገረ? የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ያዙልኝ።

ወደ ነገሩ ከመግባታችን በፊት አንድ ነገር እናጥራ። እኛ ዘንድ ስም ከአባት ወደ ልጅ አንድ እርምጃ ይሄድና ይቆማል። የከበደ ልጅ ተስፋዬ ከበደ ነው፤ የተስፋዬ ልጅ ደግሞ ሣራ ተስፋዬ ናት፤ ከበደ አያት ሆኖ ወደ ኋላ ይቀራል። የአውሮፓ የቤተሰብ ስም ግን አይቆምም፤ አንድ ጊዜ ከተያዘ ሃያና ሠላሳ ትውልድ ይሻገራል። ታዲያ ሰው ይህን ሲሰማ ስሙን የያዘ ሁሉ የአንድ አባት ዘር ይመስለዋል። የብሩስን ስም ተከትዬ ስሄድ ያገኘሁት ሌላ ነው። ስምና ደም ብዙ ቦታ ላይ ተለያይተዋል፤ ደሙ ሌላ ስም ይዞ ሄዷል፣ ስሙም ሌላ ደም ውስጥ ገብቷል። ባላባትነት፣ የጋብቻ ውል፣ ስደት፣ ባርነት፣ ሁሉም በዚህ ስም ላይ እጃቸውን አሳርፈዋል።

(አጭር ሙዚቃ)

ስሙ የተነሣው ከስኮትላንድ አይደለም። በሰሜን ፈረንሳይ፣ በኖርማንዲ፣ ከሼርቡር ወደብ በስተደቡብ ብሪክስ የምትባል መንደር አለች። የዚያች መንደር ጌታ የነበረው ቤተሰብ በመንደሯ ተጠራ፤ ሮበርት ደ ብሩስ ማለት የብሪክሱ ሮበርት ማለት ነው። በ1066 ድል አድራጊው ዊልያም እንግሊዝን ሲወር አብሮት የዘመተ ብሩስ ነበር የሚል ወሬ ለረጅም ጊዜ ሲነገር ኖሯል። የዘማቾች ስም ዝርዝር እየተባለ የሚጠቀሰው ጽሑፍ ግን ከዘመቻው ብዙ ዘመን በኋላ የተዘጋጀ ነው፤ ዘሩን ማስከበር የፈለገ ባላባት ሁሉ ስሙን አስገብቶበታል። በርግጥ የምናውቀው ሮበርት የ1100ዎቹ መጀመሪያ ሰው ነው። የእንግሊዝ ንጉሥ ቀዳማዊ ሄንሪ ባለሟል ሆኖ በሰሜን እንግሊዝ፣ በዮርክሻየር፣ ሰፊ መሬት አገኘ።

በዚያው ቤተ መንግሥት ዳዊት የሚባል የስኮትላንድ ልዑል ነበር፤ የንጉሥ ሄንሪ ሚስት ወንድም ነው። ዳዊት በ1124 በስኮትላንድ ሲነግሥ አገር ቤት ያሉትን መሳፍንት ብቻ አምኖ መግዛት አልፈለገም። በእንግሊዝ አብረውት ያደጉትን የኖርማን ፈረሰኞች ጠርቶ ግዛት ሰጣቸው። ለሮበርት የደረሰው አናንዴል ነው፤ በደቡብ ምዕራብ ስኮትላንድ፣ በእንግሊዝ ጠረፍ ላይ ያለ የአናን ወንዝ ሸለቆ። በእኛ አገር አነጋገር ጉልት ተሰጠው ብንል አንሳሳትም፤ መሬቱን ያገኘው ፈረሰኛ ጦር ሊያሰልፍ ተስማምቶ ነውና። ንጉሡ የጻፈለት ደብዳቤ ዛሬም አለ። ሰላምታው ለንጉሡ ሰዎችና ወዳጆች፣ ለፈረንሳዮችና ለእንግሊዞች ይላል። በስኮትላንድ መሬት ላይ ስለ ስኮትላንድ መሬት ተጽፎ፣ ስኮትላንዳዊ የሚባል ሰው ግን በሰላምታው ውስጥ የለም።

አሥራ አራት ዓመት ሳይቆይ ችግር መጣ። በ1138 ንጉሥ ዳዊት ሰሜን እንግሊዝን ወረረ። ሮበርት በእንግሊዝም በስኮትላንድም መሬት አለው፤ ለሁለቱም ነገሥታት ምሏል። ወደ ዳዊት ሄዶ እንዲመለስ ለመነው፤ ንጉሡ እምቢ ሲለው መሐላውን አፍርሶ ከእንግሊዞች ጋር ተሰለፈ። የሠንደቁ ጦርነት በተባለው ውጊያ ሜዳ ላይ ትንሹ ልጁ፣ እሱም ሮበርት ነው ስሙ፣ ከማዶ ከስኮትላንዶች ጋር ቆሞ ነበር። አባት ልጁን በዚያ ቀን ማረከው ይባላል። ስለ ጭንቀታቸው ብዙ ተጽፏል፤ እኔን ግን ስሌት ይሸተኛል። ማንም ያሸንፍ ማን፣ አንደኛው ብሩስ ከአሸናፊው ወገን መሆኑ አልቀረም። ትልቁ ልጅ አዳም የዮርክሻየሩን መሬት ወረሰ፣ ትንሹ ሮበርት አናንዴልን ያዘ። የስኮትላንድ ብሩሶች የሚባሉት ከዚህ ትንሽ ልጅ ይጀምራሉ።

ቀጥሎ ቤተሰቡን ወደ ዙፋን ያስጠጋው ጦር ሳይሆን ጋብቻ ነው። ከአናንዴል ጌቶች አንዱ የንጉሥ ዳዊትን የልጅ ልጅ ሴት ልጅ ኢዛቤልን አገባ። በዚያን ጊዜ ይህ ትልቅ ትርጉም ያለው ነገር አልነበረም፤ የንጉሡ ቤት ወንድ ወራሽ ነበረው። በ1290 ግን የመጨረሻዋ ወራሽ፣ ገና ሕፃን ልጅ፣ ከኖርዌይ ወደ ስኮትላንድ ስትመጣ መንገድ ላይ ሞተች፤ ዙፋኑ ባዶ ሆነ። ከይገባኛል ባዮቹ ዋናዎቹ ሁለት ነበሩ፦ ጆን ባልዮልና የኢዛቤል ልጅ ሮበርት ብሩስ፣ ያኔ የሰማንያ ዓመት አዛውንት። ዳኛ ሆኖ የተጠራው የእንግሊዙ ንጉሥ ኤድዋርድ በ1292 ለባልዮል ፈረደ።

የአዛውንቱ ልጅ ትዳርም ታሪክ አለው። ያገባት ማርጆሪ የካሪክ ባላባት ነበረች፤ ካሪክ በምዕራብ ጠረፍ ያለ፣ ጌሊክኛ የሚነገርበት አገር ነው። የመጀመሪያ ባሏ መስቀል ጦርነት ሄዶ አካ ላይ ሞተባት። ወጣቱ ብሩስ በግዛቷ ሲያልፍ ከአደን ስትመለስ አገኘችው፤ ወደደችውና የፈረሱን ልጓም ይዛ በግድ ወደ ተርንቤሪ ግንብ ወሰደችው፣ እስኪያገባትም አልለቀቀችውም ይላል የጥንቱ ታሪክ ጸሐፊ። እውነት ይሁን፣ ያለ ንጉሥ ፈቃድ መጋባታቸውን ለመሸፈን የተፈጠረ ሰበብ ይሁን፣ ፍርዱን ለእናንተ ትቼዋለሁ። ጠለፋ ስንሰማ የኖርነው በተገላቢጦሽ ስለሆነ ሳላነሣው ማለፍ አልቻልኩም። በ1274 የተወለደው ልጃቸው ከአያቱና ከአባቱ ቀጥሎ ሦስተኛው ሮበርት ነው፤ ዓለም የሚያውቀው ሮበርት ብሩስ።

ስለ እሱ ብዙ ስለተባለ በጥቂቱ ልለፍ። በየካቲት 1306 ተቀናቃኙን ጆን ኮሚንን በደምፍሪስ ቤተ ክርስቲያን፣ ከመንበሩ ፊት ገደለ፤ ስድስት ሳምንት ገደማ ቆይቶ በስኩን ዘውድ ጫነ። በዚያው ዓመት ተሸንፎ ተሰደደ። በዋሻ ውስጥ ድሩን ደጋግማ የምትሞክር ሸረሪት አይቶ ተጽናና የሚለው ታሪክ በሰፊው የተሰራጨው በ1828 በደራሲው ዋልተር ስኮት መጽሐፍ ነው፤ ንጉሡ ከሞተ አምስት መቶ ዓመት ሊሞላው ሲል መሆኑ ነው። በሰኔ 1314 ባኖክበርን ላይ ከሱ በቁጥር የሚበልጥ የእንግሊዝ ጦር ድል አደረገ፤ በ1328 እንግሊዝ የስኮትላንድን ነጻነት በውል ተቀበለች። በዓመቱ ሲሞት ልቡ ከሬሳው ወጥቶ ወደ ቅድስት አገር እንዲሄድለት ተናዘዘ። ወዳጁ ጄምስ ዳግላስ ልቡን በብር መያዣ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ተነሣ፤ ኢየሩሳሌም ሳይደርስ በ1330 ስፔን ውስጥ በጦርነት ሞተ። ልቡ ተመልሶ ሜልሮዝ ገዳም ተቀበረ፣ የቀረው አካሉ ደንፈርምሊን ነው ያለው።

ለስሙ ታሪክ የሚበልጠው ግን ሌላ ነገር ነው። ሮበርት አራት ወንድሞች ነበሩት። ሦስቱን እንግሊዞች በስቅላት ገደሏቸው፤ አራተኛው ኤድዋርድ በአየርላንድ ንጉሥ ነኝ ብሎ በ1318 በጦርነት ወደቀ። ሮበርትን የወረሰው ልጁ ዳዊት በ1371 ያለ ልጅ ሞተ። አበቃ፤ ብሩስ የሚባል ንጉሥ ከዚያ በኋላ የለም። ደሙ ግን አልጠፋም። የሮበርት ልጅ ማርጆሪ፣ በአያቷ ስም የተጠራችው፣ ዋልተር ስቱዋርትን አግብታ ነበርና ልጇ ነገሠ። የስቱዋርት ነገሥታት በሙሉ፣ ከነሱም የወረዱት የዛሬዎቹ የእንግሊዝ ነገሥታት፣ የሮበርት ብሩስ ዘር ናቸው። ስሙን ግን አልያዙም።

(አጭር ሙዚቃ)

ታዲያ ዛሬ በስኮትላንድ ያሉት ብሩሶች ከየት መጡ? ብዙዎቹ ታላላቅ ቤቶች የሚቆጥሩት ከክላክማናን ነው። ይኸው ልጅ ያልወለደው ንጉሥ ዳዊት በ1359 ለአንድ ሮበርት ብሩስ በፎርዝ ወንዝ አጠገብ የክላክማናንን መሬት ሰጠ። በደብዳቤው የምንወደው ዘመዳችን ይለዋል። ዘመድ፣ በምን በኩል? ደብዳቤው አይናገርም። ዘር ቆጣሪዎች በዚች አንዲት ቃል ላይ ለዘመናት ተከራክረዋል፤ የንጉሡ የአጎት ልጅ ያሉት አሉ፣ በዲቃላ የመጣ ነው ያሉም አሉ።

የክላክማናን ቤት መጨረሻ የሚገርም ነው። የመጨረሻው ጌታ በ1772 ሲሞት ሚስቱ ወይዘሮ ካትሪን ብሩስ በግንቡ አጠገብ ብቻቸውን ቀሩ። የንጉሥ ሮበርት ነው የሚባል ረጅም ሰይፍና የራስ ቁር ነበራቸው። በ1787 ገጣሚው ሮበርት በርንስ ሊጠይቃቸው መጣ። ወይዘሮዋ ዘጠና ዓመት አልፏቸው ነበር። እራት ከተበላ በኋላ ገጣሚውን አንበርክከው በሰይፉ ትከሻውን ነክተው የፈረሰኛነት ማዕረግ ሰጡት፤ ይህን ለማድረግ ከአንዳንድ ሰዎች የበለጠ መብት አለኝም አሉ። አንዳንድ ሰዎች ያሏቸው ለንደን ያሉት የሃኖቨር ቤት ነገሥታት ናቸው፤ በርንስም ነገሩ ገብቶታል። በ1791 ሲሞቱ ያ ቤት ተዘጋ፤ ሰይፉና የራስ ቁሩ ወደ ኤልጊን ብሩሶች ሄዱ።

ከክላክማናን የወጡት ቅርንጫፎች ብዙ ናቸው። በኩልሮስ፣ በፎርዝ ዳርቻ፣ ጆርጅ ብሩስ ከባሕር ሥር የድንጋይ ከሰል ያወጣ ነበር። ከዳርቻው የሚጀምረው ጉድጓድ ከባሕሩ በታች ገብቶ ሌላኛው አፉ በውኃ መሐል በድንጋይ በተሠራ ክብ ደሴት ላይ ይወጣል፤ መርከቦች እዚያው ቆመው ከሰል ይጭናሉ። በ1617 ንጉሥ ጄምስ ሊያይ መጣና በየብስ ገብቶ በዚያኛው በኩል ብቅ ሲል ዙሪያውን ባሕር ሆነበት። ሊገድሉኝ ነው፣ ክህደት ነው ብሎ ጮኸ ይባላል፤ ጆርጅ ብሩስ አጠገቡ የታሰረችውን ጀልባ አሳይቶ አረጋጋው። በ1625 ማዕበል ጉድጓዱን አጥለቀለቀው። የጆርጅ ወንድም ኤድዋርድ ደግሞ ከዚሁ ንጉሥ ጋር ለንደን ሄዶ ትልቅ ዳኛ ሆነ። የኤልጊን ባላባቶች ስማቸው ከነዚህ ብሩሶች ቤት የመጣ ነው፤ የአቴናን የፓርተኖን ሐውልቶች ነቅሎ በ1816 ለእንግሊዝ መንግሥት በ35,000 ፓውንድ የሸጠው ቶማስ ብሩስም፣ በ1860 የቤይጂንግ የበጋ ቤተ መንግሥት እንዲቃጠል ያዘዘው ልጁም የዚህ ቤት ሰዎች ናቸው። ስለ ስም ክብር ሲወራ እነዚህም መቆጠር አለባቸው።

አሁን ወደ ጎንደሩ ብሩስ። በፎልከርክ አቅራቢያ ኪኔርድ የሚባል ርስት ነበር፤ ከክላክማናን ቅርንጫፎች አንዱ ይዞት ኖረ። ትውልድ ሲሄድ ርስቱ ሔለን ብሩስ በምትባል ሴት እጅ ገባ። ዴቪድ ሄይ የሚባል ሰው አገባት። ነገር ግን ርስቱ ያለ ስሙ አይገኝም፤ ሄይ የነበረው ባል የራሱን ስም ትቶ ብሩስ ሊባል ግድ ሆነ። የነዚህ ሰዎች የልጅ ልጅ ነው በ1730 የተወለደው ጄምስ ብሩስ። በአባቱ በኩል ቢቆጠር ሄይ ነው፤ የብሩስነቱ ክር በአያቱ በሔለን በኩል የመጣ ነው። በንጉሥ ዘርነቱ ግን እንደ ጄምስ የሚኮራ አልነበረም።

ጉዞውን የከፈለለት ከሰል ነው። በ1759 በኪኔርድ አቅራቢያ የካሮን ብረት ፋብሪካ ተቋቋመ፤ የጄምስ መሬት ደግሞ ከሥሩ ከሰል ነበረው። ፋብሪካው ከሰሉን እየገዛ ሲያነድ ባለርስቱ በአልጀርስ የእንግሊዝ ቆንስል ሆነ፣ ከዚያም አረብኛውን ይዞ ወደ ቀይ ባሕር ተጓዘ። በመስከረም 1769 ምጽዋ ወረደ፣ በየካቲት 1770 ጎንደር ገባ። ዘመኑ ራስ ሚካኤል ስሑል አገሩን በጦር የያዙበት፣ ወጣቱ ዳግማዊ ተክለ ሃይማኖት በስም የነገሡበት ነው። ፈንጣጣ ገብቶ ስለነበር ብሩስ እቴጌ ምንትዋብ በሚኖሩበት በቁስቋም ቤተ መንግሥት የታመሙትን ልጆች አከመ፤ በዚህም የእቴጌይቱንና የልጃቸውን የወይዘሮ አስቴርን ወዳጅነት አገኘ።

ለስማችን ታሪክ የምትጥመኝ ነጥብ እዚህ ላይ ናት። አያቱ የራሱን ስም ጥሎ የወሰደው፣ በውል የተጠበቀው፣ ከነርስቱ የወረደው ብሩስ የሚለው መጠሪያ በጎንደር ለምንም አላገለገለም። ሰዎች ጄምስን ያቆብ ብለው ጠሩት፤ አባትህ ማን ነው ከተባለም ዳዊት ነው። ያቆብ ዳዊት ሆኖ ሁለት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው ኖረ። በኅዳር 4 ቀን 1770 የዓባይ ምንጭ ካለበት ከግሽ ዓባይ ደረሰ። ምንጩን ከአውሮፓ መጥቶ ያየ የመጀመሪያው ሰው እኔ ነኝ ብሎ ቢጽፍም፣ ስፔናዊው ቄስ ፔድሮ ፓኤዝ በ1618 ቀድሞታል፤ ምንጩ ባለበት በሰከላ የሚኖር ሰው ደግሞ ፈልጎ ማግኘት አላስፈለገውም። አብሮት የመጣው ጣሊያናዊ ሠዓሊ ሉዊጂ ባሉጋኒ በ1771 ጎንደር ላይ ሞተ። ብሩስ በዚያው ዓመት መጨረሻ ሲመለስ ከያዛቸው የግእዝ ብራናዎች ውስጥ ሦስት የመጽሐፈ ሄኖክ ቅጂዎች ነበሩ፤ መጽሐፉ በሙሉ የተጠበቀው በእኛ ቤተ ክርስቲያን ስለሆነ ለአውሮፓ ሊቃውንት ትልቅ ነገር ሆነላቸው።

ለንደን ግን አላመነችውም። ሥጋ ጥሬውን ይበላሉ ሲል ቀልድ ሠሩበት። አኩርፎ ኪኔርድ ተቀመጠ፤ ጉዞውን በአምስት ጥራዝ ያሳተመው በ1790 ነው። በ1794 እንግዳ የነበረችን ሴት እስከ ሠረገላዋ ሊሸኝ ሲጣደፍ ከቤቱ ደረጃ ወድቆ ሞተ። በመቃብሩ ላይ የቆመው ሐውልት ብረት ነው፤ ያቀለጠውም ከሰሉን ሲገዛ የነበረው የካሮን ፋብሪካ።

(አጭር ሙዚቃ)

ስሙ በባሕር የተሻገረባቸውን መንገዶች እንይ። በስተሰሜን፣ ሼትላንድ ደሴቶች። ስሙን ወደዚያ የወሰደው ላውረንስ ብሩስ ወንድም ነበረው፤ በእናት የሚገናኙት፣ የንጉሥ አምስተኛው ጄምስ ዲቃላ የሆነው ሮበርት ስቱዋርት። ስቱዋርት የደሴቶቹ ገዥ ሲሆን ላውረንስን በ1570ዎቹ ዳኛ አድርጎ ሾመው። ሕዝቡ ግብር የሚከፍለው በጨርቅና በቅቤ ነበር። ላውረንስ የጨርቁን መለኪያ አስረዘመ፣ የቅቤውንም ሚዛን አከበደ። ሼትላንዶች ኤዲንብራ ድረስ ከሰሱት፤ በ1577 መርማሪ ተልኮ ምስክር ተሰማ፣ ላውረንስም ተሻረ። ብዙም ሳይቆይ ተመልሶ መጣና በ1598 በአንስት ደሴት ላይ የሙነስን ግንብ ሠራ፤ ፍርስራሹ ዛሬም ቆሟል። ደሴተኞቹ በዚያን ጊዜ እንደ እኛው በአባት ስም ነበር የሚጠሩት፤ የማግነስ ወንድ ልጅ የማግነስ ልጅ ይባላል፣ የልጁ ልጅ ደግሞ በሱ ስም። ከነሱ መሐል ብሩስ የሚል የማይለወጥ ስም ይዞ መምጣት መሬት የያዘ ባዕድ መሆንን ያስታውቅ ነበር።

በስተምሥራቅ ደግሞ ሩሲያ። በ1600ዎቹ ስኮትላንድ ድሃ አገር ነች፤ መሬት ያልደረሳቸው የባላባት ልጆች ለስዊድን፣ ለፖላንድና ለሩሲያ በወታደርነት ይቀጠሩ ነበር። ዊልያም ብሩስ የተባለ አንዱ በ1647 ወደ ሩሲያ ሄደ። የልጅ ልጁ ያቆብ ብሩስ በ1669 ተወለደና የታላቁ ጴጥሮስ የመድፍ ጦር አዛዥ ሆነ። በ1709 በፖልታቫ ስዊድኖችን የደበደበውን መድፍ ያዘዘው እሱ ነው፤ በ1721 ከስዊድን ጋር የተደረገውን የሰላም ውል ከፈረሙት አንዱም እሱ። ሞስኮ ላይ በሱካሬቭ ግንብ የከዋክብት መመልከቻ ስለሠራና ሌሊት መብራት ስለማያጠፋ ሕዝቡ ጠንቋይ ነው አለው፤ ይኸው ወሬ እስከ ዛሬ በሞስኮ ይተረካል። ያቆብ ልጅ ሳይተካ ሞተ፣ ማዕረጉ ወደ ወንድሙ ልጅ አለፈ። በመጨረሻም ቤቱ አንዲት ሴት ልጅ ብቻ ቀረችው። ባሏ ሙሲን ፑሽኪን በ1796 በስሙ ላይ ብሩስን ቀጥሎ ሙሲን ፑሽኪን ብሩስ ተባለ። ኪኔርድ ላይ ሄይ ያደረገውን ሩሲያዊው ባላባት ሳያውቀው ደገመው ማለት ነው።

በስተምዕራብ ያለው መንገድ ከባድ ነው። በቨርጂኒያ ሌሙኤል ብሩስ የሚባል ሰው ባሪያዎች ነበሩት፤ አንዷ ፖሊ ናት። ሌሙኤል ሲሞት ፖሊ ከነልጆቿ ለሴት ልጁ ደረሰች፤ ሴት ልጁ ፐርኪንሰን የሚባል ሰው ስታገባ ፖሊም አብራ ወደዚያ ቤት ሄደች። በ1841 ፖሊ ከዚሁ ፐርኪንሰን ወንድ ልጅ ወለደች። ልጁ ያደገው በባርነት ነው። የአባቱን ስም አልያዘም፤ የያዘው የእናቱ የቀድሞ ጌታ ስም ነው፦ ብላንች ብሩስ። በእርስ በርሱ ጦርነት ጊዜ አምልጦ ካንሳስ ገባ፣ ለጥቁር ልጆች ትምህርት ቤት ከፈተ። ጦርነቱ ሲያበቃ ወደ ሚሲሲፒ ሄዶ የግብር ሰብሳቢነትና የሸሪፍነት ሥልጣን ያዘ፣ የጥጥ እርሻም ገዛ። በ1875 የአሜሪካ ሴኔት አባል ሆኖ ገባና ሙሉውን ስድስት ዓመት ያገለገለ የመጀመሪያው ጥቁር ሰው ሆነ። በየካቲት 1879 አንድ ቀን የሴኔቱን ስብሰባ በሰብሳቢነት መራ። በ1881 የግምጃ ቤቱ መዝጋቢ ሆኖ ሲሾም ሥራው ፊርማውን በገንዘቡ ላይ ማሳረፍን ይጨምር ነበር። የዚያን ዘመን የዶላር ኖት ያገኘ ሰው በግራ በኩል የብሩስን ፊርማ ያነባል።

ወንድሙ ሄንሪም ብሩስ ነው የተባለው፤ በባርነት ያሳለፈውን ሕይወት በ1895 መጽሐፍ አድርጎ አሳትሟል። አሜሪካ ውስጥ ብሩስ የሚባሉ ብዙ ጥቁር ቤተሰቦች ስማቸው የመጣው በዚህ ዓይነት መንገድ ነው። ነጻ ሲወጡ መዝጋቢ ፊት ቀርበው ስም ተጠየቁ፤ አንዳንዱ የጌታውን ስም አልፈልግም ብሎ ሌላ መረጠ፣ አንዳንዱ የተሸጡ እናቱና ወንድሞቹ ቢፈልጉት የሚያገኙት በዚያ ስም ስለሆነ ያዘው። ይህን ሁለተኛውን ምክንያት ሳስብ ስሙ የጌታው መሆኑ ይረሳኛል።

ለአውስትራሊያ አንድ ቃል ብቻ። ከ1923 እስከ 1929 ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት ስታንሊ ብሩስ አባታቸው የተነሡት ከአየርላንድ ነው፤ ብዙ ስኮትላንዳውያን አየርላንድ ላይ አንድ ሁለት ትውልድ ኖረው ነው ባሕር ማዶ የተሻገሩት። ስለዚህ በአውስትራሊያ ወይም በአሜሪካ መዝገብ ላይ አየርላንዳዊ የተባለ ብሩስ ቢገኝ አይግረማችሁ።

ከአድማጮቻችን መካከል በውጭ አገር የምትኖሩ፣ ከስኮትላንዳውያን ጋር በጋብቻ የተሳሰራችሁ፣ የልጆቻችሁን የዚያኛውን ወገን ዘር መከታተል የምትፈልጉ ካላችሁ፣ መነሻው ኤዲንብራ ነው። የአጥቢያ መዛግብቱ የመጀመሪያው ከ1553 ይጀምራል፤ የመንግሥት ምዝገባ ደግሞ ከ1855። የስኮትላንድ መዝገብ ከእንግሊዝ ይልቅ ለእኛ ሰው ይገባል፤ ምክንያቱም ያገባች ሴት የአባቷ ስም አይጠፋም። በመቃብር ድንጋይ ላይ ሚስት በራሷ ቤተሰብ ስም ትጻፋለች፣ በሞት መዝገብ ላይም የእናት የቤተሰብ ስም ይሰፍራል። ሔለን ብሩስን የመሰሉ ሴቶች የሚገኙት በዚህ ነው። የወንድ መስመርን ብቻ የሚያሳይ የዘረመል ምርመራ ያደረገ የኪኔርድ ተወላጅ ቢኖር ውጤቱ ሄይ እንጂ ብሩስ አይለውም።

እንግዲህ ፈልጉ። ቢቻላችሁ ግን በ1855 የተወለደ ዘመድ ለማግኘት ሞክሩ። በዚያች የመጀመሪያ የምዝገባ ዓመት ቅጹ የማይጠይቀው አልነበረም፤ የአባትና የእናት ዕድሜ፣ የተወለዱበት ቦታ፣ የተጋቡበት ቀን፣ ከሕፃኑ በፊት የተወለዱ ልጆች ስንት እንደሆኑ፣ በሕይወት ያሉትና የሞቱት ሁሉ ይጠየቅ ነበር። ለመዝጋቢዎቹ ከአቅም በላይ ሆነና በ1856 አብዛኛው ጥያቄ ተሰረዘ።